ሦስት ወንድማማች መኪኖች ፍለጋ፦ የሚሺጋን የጉዞ ማስታወሻ

ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሥራዬ ጋራዥ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ቀኑን ሙሉ ኮፈን ስከፍት የማየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ወደ ጎን የተገጠመ ሞተር፣ በፊት ጎማ የሚሄድ መኪና። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንድ ሽማግሌ የ1966 ቶሮናዶ ይዘው መጡ። ራዲያተሩ ያፈሳል ብለው ነው። መኪናውን በሊፍት ሰቅዬ ከሥር ገባሁና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ፈለግሁት። የለም። ያ ሰባት ሺህ ሲሲ የሚሆን ሞተር የሚያዞረው የፊቱን ጎማ ነው፤ ያውም በ1966! ካምቢዮውም እንደለመድነው ከሞተሩ ኋላ አልነበረም፤ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። ራዲያተሩን ሠርቼ ሰጠኋቸው። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማነበው ስለነዚህ መኪኖች ብቻ ሆነ። አሜሪካኖቹ ፐርሰናል ላግዠሪ ይሏቸዋል። ሁለት በር፣ ረጅም ኮፈን፣ አጭር ጅራት፣ ቪ8 የሚባል ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር። የቤተሰብ መኪና አይደሉም፤ የውድድርም አይደሉም። አንድ ሰው ለራሱ ደስታ የሚገዛቸው ናቸው። ከሁሉም የያዘኝ የሦስቱ ነገር ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1966 እና በ1967 አንድ ዓይነት አጽም በሥሩ ለነበሩ ሦስት የመኪና ቤቶች አካፈለ። ቢዩክ ሪቪዬራን ሠራ፣ ኦልድስሞቢል ቶሮናዶን፣ ካዲላክ ኤልዶራዶን። አጽሙን ቢጋሩም ሞተሩ የየቤቱ ነው፣ መልኩም የየቤቱ ነው። ሪቪዬራ በኋላ ጎማ ሄደ፣ ሁለቱ በፊት ጎማ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የትውልድ ከተሞቻቸው ደግሞ ፍሊንት፣ ላንሲንግና ዲትሮይት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ እየዞርኩ በየቤታቸው ላያቸው ቆረጥኩ።

አብረውኝ የሄዱት አጎቴ ናቸው። 72 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ነድተዋል፣ ዋሽንግተንም ታክሲ ነድተዋል። ሐሳቤን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሁለት በር ከሆነ ታዲያ ማን ይሳፈርበታል?» ብለው ነው።

(የመኪኖቹን ዓመት በፈረንጅ፣ የጉዞውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017፤ መንገድ ላይ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ፍልሰታ ስለሆነ እህቴ የጾም ሽሮና እንጀራ በዕቃ አድርጋ፣ ቆሎም በፌስታል ጨምራ ሰጥታናለች። እስከ ዲትሮይት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ ዝናብ ያዘን። ሶመርሴት አካባቢ መሪው ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረ። ዳር ይዤ ቆምኩ። የፊት ቀኝ ጎማ ወርዷል። ክሪክ አውጥቼ ቀና ስል አጎቴ የሉም። ለካ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ፍለጋ ሄደዋል። ሁለት እጃቸውን ሞልተው መጡና ከኋላ ጎማው ሥር አስገቡ። «ጋሼ፣ መኪናው እኮ ፓርክ ላይ ነው፣ ፍሬን አማኖውም ተይዟል» ብላቸው «ይሁን፣ ድንጋይ አይዋሽም» አሉኝ። ስኮርታዋ ያቺ ቀጭኗ ናት፤ ፍጥነት አትችልም። ቀስ ብለን ከተማ ገባንና ጎሚስታ አገኘን። ሚስማር ነው። 25 ዶላር ከፍለን ወጣን። ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲሁ ሄደብን።

ዲርቦርን የደረስነው ሲመሽ ነው። ሞቴሉ ሌላ ጊዜ 85 ዶላር የነበረው፣ የቅዳሜው የመኪና ሰልፍ ስለደረሰ 164 ሆኖ ጠበቀን። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲያጓራ አደረ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9፤ ዲርቦርን

ዲርቦርን የሄንሪ ፎርድ ከተማ ነው። ዛሬ ደግሞ የአረቦች ከተማ ነው። ሊባኖሶች፣ የመኖች፣ ኢራቆች ብዙ ናቸው። ለጿሚ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአሜሪካ አላየሁም። ጠዋት ገብተን ፉል አዘዝን። ዘይቱ ከላይ ፈሶበት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ተከትፎበት፣ ትኩስ ዳቦ በቅርጫት መጣ። ለአንድ ሰው 9 ዶላር። ሽንኩርቱ ብሶበታል፣ ቃሪያ የለውም፤ ግን ፉል ነው። አጎቴ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱና «መርካቶ ያለን መሰለኝ» አሉ።

ከዚያ ወደ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ሄድን። ለሁለታችን ከነመኪና ማቆሚያው 80 ዶላር አካባቢ ነው። ውድ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ኬኔዲ የተገደሉበት የ1961 ሊንከን እዚያ ነው የቆመው። ከግድያው በኋላ ጣሪያ ተገጥሞለት፣ ጥይት እንዳይበሳው ተደርጎ፣ እስከ 1977 ድረስ ለሌሎች ፕሬዚዳንቶች አገልግሏል። አጎቴ አጠገቡ ረጅም ሰዓት ዝም ብለው ቆሙ። «ጃንሆይ ለቀብራቸው ሄደው ነበር» አሉኝ በመጨረሻ።

እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ያገኘሁት ነው። ቀይ የ1961 ተንደርበርድ። ባለቤቱ ከኦሃዮ ለቅዳሜው ሰልፍ የመጣ ሰው ነው። ስንዞረው ዓይቶ በሩን ከፈተልን።

የዚህ ሁሉ ነገር መጀመሪያ ተንደርበርድ ነው። ፎርድ በ1955 እዚሁ ዲርቦርን ሲሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ ነበር። የስፖርት መኪና አላሉትም፤ የግል መኪና ነው ያሉት። ያ ስም ነው በኋላ የአንድ ጎራ መጠሪያ የሆነው። በ1955 ወደ 16,000 ገደማ ተሸጠ። ለቸርቻሪው ጥሩ ነበር፤ ለፎርድ ዓይነት ፋብሪካ ግን ትንሽ ነው። በ1958 የኋላ መቀመጫ ጨመሩለት። መልኩን የወደዱት ሰዎች ተበላሸ ብለው አዘኑ። በ1960 ግን ከ90,000 በላይ ተሸጠ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ዓይናቸውን የከፈቱት ያኔ ነው።

የኦሃዮው ሰው ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጎ መሪውን ወደ ቀኝ ገፋው። መሪው ከነዘንጉ ተንሸራትቶ ወደ መሀል ሄደ፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ጉልበቱን እንዳይነካው። ማርሽ ላይ ካለ ንቅንቅ አይልም። አጎቴን ሞክሩት አላቸው። ገቡ፣ መሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ቀጭ ብሎ ቦታውን ያዘ። እንደገና ገፉት። አራት ጊዜ ሳይደጋግሙት አልቀሩም። ሃምሳ ዓመት መሪ ጨብጠው የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ሲንቀሳቀስ አይተው አያውቁም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10፤ ዉድዋርድ ጎዳና

ዉድዋርድ ከዲትሮይት መሀል ተነሥቶ ወደ ፖንቲያክ ከተማ የሚወጣ ሰፊ ጎዳና ነው። በ1909 አንድ ማይሉ በኮንክሪት ተነጠፈ፤ ለመኪና ታስቦ በሲሚንቶ ከተሠሩት መንገዶች ከመጀመሪያዎቹ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ የድሮ መኪና ያለው ሁሉ ይወጣበታል። በ1995 ፈርንዴል ውስጥ ለልጆች የኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው የተጀመረው። ዛሬ ሕዝቡ ተጣጣፊ ወንበር ይዞ ሳር ላይ ይቀመጣል፤ መኪኖቹ ከፊቱ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። መግቢያ የለውም፣ ክፍያም የለውም። እኛ ግን መኪናችንን አንድ ቤት ግቢ ውስጥ ለማቆም 30 ዶላር ከፈልን። ወንበርም ስላልያዝን ሁለት ገዛን፤ 24 ዶላር።

የጭሱ ሽታ ልጅነቴን መለሰብኝ። የዛሬ መኪና እንዲህ አይሸትም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ቤንዚኑን ሁሉ አቃጥሎ አይጨርስም፣ የተረፈው ከኋላ ይወጣል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል።

አንድ የ1969 ፖንቲያክ ግራንድ ፕሪ አለፈ፤ ኮፈኑ ብቻ ስድስት ጫማ ገደማ ነው። ሊንከን ማርክ 3 አለፈ፤ የፎርድ ኃላፊ የነበረው ሊ አያኮካ ተንደርበርድ ላይ የሮልስ ሮይስ ዓይነት ፊት ግጠሙበት ብሎ ያሠራው ነው። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ የሰባዎቹ አጋማሽ መኪኖች መጡ፤ ጣሪያቸው ቆዳ መሳይ ቪኒል የለበሰ፣ ከኋላ ጎናቸው ላይ ትንሽ መስኮት የተከፈተባቸው። እነሱን አልወድም። የስድሳዎቹ መኪና ውበቱ ቆርቆሮው ራሱ ነው፤ መስመሩ ከፊት መብራት ተነሥቶ እስከ ኋላ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የሰባዎቹ ግን መልክ ሲያንሳቸው ጌጥ ጨመሩበት። ይህን ስል ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ተቆጣኝ፤ የ1975 ክራይስለር ኮርዶባ አለው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ነጭ የ1970 ኤልዶራዶ ፊት ለፊታችን ቆመ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ባለቤቱ ስድሳዎቹን ያጋመሰ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሠራተኛ ነኝ፣ መካኒክ፣ ልይልህ አልኩት። ገፍተን ከመንገዱ አወጣነው። አጎቴም ገፉ፤ ተው ብላቸው የሚሰሙ አይደሉም። መኪናው ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ነው።

ሞተሩንና ራዲያተሩን የሚያገናኘው የላይኛው የውኃ ቱቦ፣ ማኒኮቶው፣ ማሰሪያው ጋ ተሰንጥቋል። የቀረው የቱቦው ክፍል ደህና ነው። እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። በዚህ መሀል ሞተሩን ደህና አድርጌ አየሁት። 500 ኩቢክ ኢንች፤ በእኛ 8,194 ሲሲ። ፊቱ ላይ 8.2 ሊትር የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ለመንገደኛ መኪና በዚያ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ከፋብሪካ አይወጣም ነበር። በስልኬ ለስምንት አካፈልኩት። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን 1,024 ሲሲ ይመጣል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሰይቼንቶ ስንት ሲሲ ነበረች?» አልኳቸው፤ አዲስ አበባ የነዷትን ትንሿን ፊያት 600 ታክሲ ማለቴ ነው።

«ሰባት መቶ ስድሳ ሰባት» አሉ። ቆም አሉና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። «የአንዱ ሲሊንደር ብቻ ነው የምትለኝ? የአንዱ?»

ባለቤቱም ሰምቶ ይተረጎምልኝ አለ። ተረጎምኩለት። አባቱ ክላርክ ጎዳና ላይ በነበረው የካዲላክ ፋብሪካ እንደሠራ፣ መኪናዋንም የገዛት አባቱ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ የፈረሱ ጉልበት ነገር ተነሣ። በ1970 ወረቀቱ 400 ይላል። በ1976 ያው 8.2 ሊትር ሞተር 190 ተባለ። ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩ በስድስት ዓመት ግማሽ በግማሽ ሞተ ይላል። ልክ አይደለም። እስከ 1971 ድረስ ሞተሩን የሚለኩት ብቻውን አቁመው፣ ያለ ማርሚታ፣ ያለ ተጨማሪ ሸክም ነበር። ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንደሚሠራው ከነሸክሙ መለኩት። በዚህ ብቻ ብዙ ፈረስ ከወረቀቱ ጠፋ። የቀረው ግን የእውነት ድካም ነው። እርሳስ የሌለበት ቤንዚን እንዲጠቀም ኮምፕሬሽኑን ከ10 ወደ 8.5 አወረዱት፣ የጭስ ሕጉም ጠበቀ። ከዚያ በ1973 መጨረሻ የአረቦቹ የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፤ አሜሪካ ማደያ ላይ ተሰለፈ። ስምንት ሊትር ሞተር ያለው ሰው በየሳምንቱ ያለቅሳል።

አጎቴ ይህንን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው «እኛ ጋ የካቲት ላይ ነው የደረሰው» አሉ።

ይህን ታሪክ በደንብ ነግረውኝ አያውቁም። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 ነው። እሳቸው 21 ዓመታቸው ነበር። የነዳጅ ዋጋ ጨመረ ተባለ፣ የታክሲ ሒሳብ ግን ያው ነው። ባለታክሲው በሙሉ ሥራ አቆመ። ሰይቼንቶዋን ተክለ ሃይማኖት አቁመው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር አሉኝ፤ አዲስ አበባን እንዲያ ዓይተዋት አያውቁም። መምህራንም ሥራ አቁመዋል። ዋጋው ትንሽ ቢቀነስም ነገሩ ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ ዓመቱ አልቆ መስከረም እንደጠባ ንጉሡ ወረዱ።

ሞተሩ በረደ። የተሰነጠቀውን የማኒኮቶ ጫፍ በቢላ ቆርጬ፣ ወደ ፊት ሳብ አድርጌ መልሼ አሰርኩት። አራት ጣት ያህል አጠረ፣ ግን ደረሰ። ከሕዝቡ ውኃ ለመንን፤ በየወንበሩ የነበረው ሁሉ የያዘውን ላስቲክ ውኃ ሰጠን። ሲነሣ ድምፁ አይሰማም። ጆሮዬን ስጠጋ ብቻ ነው ከታች የሆነ ዝግ ያለ ነገር ሲንከባለል የሰማሁት። ሰውዬው ሊከፍለኝ ፈለገ፣ እምቢ አልኩ። ከማቀዝቀዣ ሣጥኑ ሁለት ቨርኖርስ አውጥቶ ሰጠን፤ የዲትሮይት የዝንጅብል ለስላሳ ነው። አፍንጫ ውስጥ ይገባል። አጎቴ ወደዱት።

እሑድ፣ ነሐሴ 11፤ ፍሊንት

አጎቴ ቅዳሴውን በስልክ አስቀደሱ፤ እኔ ነዳሁ። ቁርስ እስኪያልቅ አልተነጋገርንም።

ፍሊንት ዋናው መንገድ ላይ የብረት ቅስቶች አሉ፤ «የተሽከርካሪ ከተማ» ይላሉ። ስሙ ከመኪና በፊት የነበረ ነው፤ የፈረስ ጋሪ ይሠሩበት ስለነበር ነው የወጣለት። ቢዩክ ያደገው እዚህ ነው። ቢዩክ ሲቲ የሚባለው ግዙፍ ፋብሪካ በ1999 ተዘጋ። አሁን ቦታው ላይ በብዛት ያየነው የኮንክሪት ወለልና ሳር ነው። በመኪና ዳር ዳሩን ዞርነው። ለመዞር የፈጀብንን ጊዜ ሳይ ምን ያህል ሰው በዚያ በር ይገባና ይወጣ እንደነበር ገባኝ። አቃቂ ያለ ሰው የተዘጋ ፋብሪካ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሪቪዬራውን ያገኘነው ወንዙ አጠገብ ባለ መኪና ማቆሚያ ነው። ከትናንቱ ሰልፍ የሚመለሱ መኪኖች ቆመዋል። የ1965 ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ። ባለቤቷ ሴት ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት።

እኔ የፈለግሁት የ1966ቱን ነበር፤ ከወንድሞቹ ጋር አጽም የተጋራውን። ግን ይህንን ሳይ ሌላውን ተውኩት። የመጀመሪያው ሪቪዬራ፣ ከ1963 እስከ 1965 ያለው፣ እኔ እስከማውቀው አሜሪካ ከሠራቻቸው መኪኖች ሁሉ በመልክ አንደኛ ነው። ቢል ሚቸል የጄኔራል ሞተርስ የመልክ ኃላፊ ነበር። ለንደን በጉም ውስጥ ሮልስ ሮይስ አይቶ፣ ያንን ጥርት ያለ ጠርዝ ከፌራሪ ዝቅታ ጋር አጋቡልኝ አለ ይባላል። ነድ ኒክልስ ነደፈው። መጀመሪያ የታሰበው ለካዲላክ ቤት ነበር። ካዲላክ ገበያው ደርቶለት ስለነበር አልፈለገውም፤ ቢዩክ ተሟግቶ ወሰደው። የመጀመሪያውን ዓመት ሆን ብለው 40,000 ላይ ወሰኑት፤ የፈለገው ሁሉ እንዳያገኘው።

ሴትዮዋ የመብራቱን ቁልፍ ነካች። ከፊት ሁለቱ የፓራፋንጎ ጫፎች ላይ ፍርግርግ የሚመስለው ነገር መሀሉ ላይ ተከፈለና እንደ ዓይን ቆብ ወደ ላይና ወደ ታች ተከፈተ። ከውስጡ መብራቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ታዩ። ቀስ ብሎ ነው፤ የትንሽ ሞተር ድምፅ ይሰማል። አንድ ልጅ ሮጦ መጣና «እንደገና!» አለ። ከፈተችለት።

ሞተሩን አሳየችን። 401 ኩቢክ ኢንች፣ 6,600 ሲሲ ገደማ፣ 325 የፈረስ ጉልበት። የአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ ግን የተጻፈው 401 አይደለም፣ «ዋይልድካት 445» ይላል። 445 የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ ቢዩክ በዚያ ነበር የሚኮራው። መካኒኮች ይህን ሞተር «የሚስማር ራስ» ይሉታል፤ ቫልቮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ሚስማር ይመስላሉ። ትንሽ ቫልቭ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ያንቀዋል። ከታች ግን፣ ከመብራት ሲነሣ፣ ከሁለት ሺህ ዙር ጀምሮ ወደ ኋላ ወንበር ይለጥፋል። የዚህ መኪና ገዢ የሚፈልገው ይህንን ነው።

አጎቴ በሩን አንስተው መዘኑት። «የአንድ በር ክብደት የአህያ ጭነት ነው» አሉ። ወደ ኋላ መቀመጫ ግን አልገቡም፤ ጉልበታቸው አልፈቀደም።

ምሳችን ድንች ጥብስ ብቻ ሆነ፤ 6 ዶላር። ጾም ይዞ ፍሊንት ውስጥ እሑድ ምግብ መፈለግ ይከብዳል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12፤ ላንሲንግ

የዚህን ቀን ነገር ረዘም አደርገዋለሁ።

ቶሮናዶውን ጋራዥ ያመጡት ሽማግሌ ላንሲንግ ያለ የድሮ ወዳጃቸውን ስልክ ሰጥተውኝ ነበር። ሰማንያ ይሆናቸዋል፤ ኦልድስሞቢል ፋብሪካ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ኦልድስሞቢል የሚባል መኪና የለም አሁን፤ የመጨረሻው ሚያዝያ 29 ቀን 2004 በፈረንጅ እዚሁ ከተማ ወጣ። ቤታቸው ጓሮ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። አንድ የ1966 ቶሮናዶ ሙሉ፣ አንድ ደግሞ የተፈታታ። እኔ የመጣሁት ለተፈታታው ነው።

ካምቢዮውን ጠረጴዛ ላይ አውጥተውታል፣ ክዳኑ ተነሥቷል። አሠራሩን በጣት እያሳዩ አስረዱኝ። ሞተሩ እንደማንኛውም ቪ8 ወደ ፊት ዞሮ ተቀምጧል። ከኋላው ጉልበቱን በዘይት የሚያቀብለው ቶርክ ኮንቨርተር አለ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ከዚያ ግን ጉልበቱ ወደ ኋላ አይሄድም፤ በሰንሰለት ወደ ጎን ይወርዳል፣ ተመልሶ ወደ ፊት ይዞራል፣ ከሞተሩ ግራ ጎን በተኛው ካምቢዮ ውስጥ ያልፍና ዲፈረንሻሉ ጋ ይደርሳል። ጉልበቱ እንደ ሄደ ሰው ከመንገድ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሞተሩም ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም ሁሉም ኮፈን ሥር ገቡ።

ሰንሰለቱን አንስተው በእጄ አስያዙኝ። ሁለት ኢንች ስፋት አለው። የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ዓይነት አይደለም፤ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ጎን ለጎን ተደርድረው በፒን የተያያዙ ናቸው። በመዳፌ ላይ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ በጣቶቼ መሀል ቀረ። ከላላ ምን ይወጥረዋል ብዬ ጠየቅሁ፤ መወጠሪያ አላየሁም። የለውም። ፋብሪካ ውስጥ አስቀድመው ስቦ እንዲጨርስ አድርገው ነው የሚገጥሙት። 385 የፈረስ ጉልበት ያለው 425 ኩቢክ ኢንች ሞተር በዚህ ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥሎ ይጎትታል፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ከሞተሩ ዕድሜ አያንስም። ሽማግሌው ይህኛው ከስልሳ ዓመት በኋላም ምንም አልሆነም ብለው ጥርሱን አሳዩኝ። አልተበላም።

ከ1937ቱ ኮርድ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በፊት ጎማ የሚሄድ መኪና ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ችግር አልነበረበትም አልልም። ክብደቱ ፊት ላይ ነው፤ የፊት ጎማ ቶሎ ይበላል። ፍሬኑ አራቱም ታምቡር ነበር፣ ከፍጥነት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲይዙት ይግላል፤ በ1967 ነው ለፊቱ ዲስክ የመጣለት፣ ያውም በተጨማሪ ክፍያ። ኋላው አንድ ቅጠል ባሌስትራ ብቻ ነው ያለው። የመንዳቱ ክፍል ግን ጠንካራ ነው፤ በኋላ ጂ ኤም ሲ ያንኑ ወስዶ የሞተር ቤት መኪና ሠራበት፣ ሰው አልጋና ምድጃ ጭኖ አገር ዞረበት።

ሙሉው መኪና ወርቃማ ነው። መስመሩ የዴቪድ ኖርዝ ንድፍ ነው። የጎማው ዙሪያ ላይ ቆርቆሮው ከንፈር አውጥቷል፤ ጣሪያው ሳይሰበር ወደ ጅራት ይወርዳል። ፍጥነት መቁጠሪያው በመርፌ አይደለም፣ ቁጥሩ እየተንከባለለ ነው የሚመጣው። አጎቴ በሩን ከፍተው ገቡ። ወለሉን በእግራቸው ዳሰሱት። ዘንግ የለምና መሀሉ ላይ ጉብታ የለም፤ ከበር እስከ በር ሜዳ ነው። ፊት አንድ ረጅም ወንበር፣ ኋላ አንድ ረጅም ወንበር።

«ሦስት ፊት» አሉ። ዞር ብለው አዩ። «ሦስት ኋላ። መሀል የተቀመጠው እግሩን አጣጥፎ አይሰቃይም።»

ከዚያ በሩ ላይ ሁለተኛ እጀታ እንዳለ አዩ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የፊተኛውን ሳይለምን በሩን ራሱ የሚከፍትበት። ይዘው ሞከሩት። ሽማግሌው ፈረንጅና አጎቴ ያለ እኔ ትርጉም ስለዚያ እጀታ ሲነጋገሩ አየሁ፤ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል።

ምሳ አስቀመጡን። ነሐሴ እዚያም የበቆሎ ወር ነው። ከገበሬ የተገዛ በቆሎ ቀቅለው አመጡ፤ ደርዘኑ 5 ዶላር ነው አሉኝ። ቅቤ አቀረቡ፣ ጾም መሆናችንን ነገርኳቸው። ምንም ሳይጠይቁ ቅቤውን አንስተው ቲማቲም ከጓሮ ቆርጠው መጡ። በቆሎው ከእኛ ይጣፍጣል፣ ስኳር ያለበት ይመስላል፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ጥርስ የሚይዘው ነገር የለውም። አጎቴ በከሰል ቢጠበስ ኖሮ አሉ። ከሰል ነበራቸው። አቀጣጠሉት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፤ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ቡሄ ነው። በደቡብ በኩል ወደ ኮሎምበስ ወረድን። እዚያ አጎቴ አዲስ አበባ እያሉ አብረዋቸው ታክሲ የነዱ ጓደኛ አላቸው፤ ኮሎምበስ ሐበሻው ብዙ ነው። መንገዱ ደህና ነበር፣ ቤንዚን 3 ዶላር ከ19 ሳንቲም። ስንደርስ ቤቱ በልጅ ተሞልቷል። ሙልሙል ቀረበ፣ የጾም ነው። ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ያልፋሉ፤ ግማሹን ግጥም አያውቁትም፣ «ሆ!» የሚለውን ግን ይጮኹበታል።

አጎቴ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ። «የአንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሰይቼንቶ ሞተር ይበልጣል!»

ጓደኛቸው አላመኑም። «ሙሉው ሞተር በል እንጂ» አሉ።

ተጠርቼ መሰከርኩ። የ8.2 ሊትሩን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጣላቸውን የመብራት ደረሰኝ ገለበጡና በእስክሪብቶ 8,194 ጽፈው ለስምንት አካፈሉት። ቀስ ብለው ነው የሠሩት። 1,024 ሲመጣ እንደገና አካፈሉት። ያው መጣ። ወረቀቱን ለአጎቴ አሳልፈው ትንሽ ዝም አሉ።

«እሺ» አሉ ከዚያ። «ስንት ሰው ይጭናል?»

«ያኛውን አልቆጠርኩም» አሉ አጎቴ። «የላንሲንጉ ግን ስድስት።»